ክንፈ የሰማው ቃል

ክንፈ እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ መሬት ላይ ልጥፍ ሲል ያየ የአሶሳ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ፊቱን ያዞራል። ይኼን ሰው ሲፈጥሩት አጥንት ረስተውበታል እንዴ ይባል ነበር። ሴቶቹ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ በማንጎዎቹ ሥር እንዲያ ተዘርግቶ ካገኙት መንገድ ይቀይራሉ። እሱ ግን ደስ ይለው ነበር። ከዚህ በቀር በእጁ ምንም ያልነበረው ሰው ነውና አይፈረድበትም።

ወላጆቹ ወሎን ለቀው በሰባ ሰባቱ ሠፈራ ሲመጡ ክንፈ የዐሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበር። መሬቱን ገና ሳይለምደው ለውትድርና ተመለመለና ሄደ። ጦር ሠፈር ውስጥ ገሠሠ የሚባል ዐሥር አለቃ አግኝቶ ቴኳንዶ ያስተማረው ያኔ ነው። ዐሥር አለቃው ቁጡ ሰው ነበር፤ በጅማት ጉዳይ ግን አይቆጣም። ጅማት ከተቆጡት ይኮማተራል፣ ካባበሉት ይዘረጋል ይል ነበር፤ ደጋግሞም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ያንኑ ያረጀ ተረት ይተርት ነበር። ክንፈ ሁለቱን እግሮቹን መሬት ለማስነካት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ከነጫማው ወደ ሠፈራ ጣቢያው በእግሩ ተመለሰ፤ ከጦር ሠፈር ይዞት የመጣው ሀብት ያ የተዘረጋ ሰውነቱ ብቻ ነበር።

እርሻው አልሆነለትም። ክልሉ አዲስ ተመሥርቶ ከተማዋ ቢሮ በቢሮ ስትሆን፣ ከዚህም ከዚያም ሰው ሲጎርፍባት፣ እሱም ወደ አሶሳ ወጥቶ ጎረምሶችን ማሠልጠን ጀመረ። በበጋ ከማንጎዎቹ ሥር፣ በክረምት ባዶውን በቀረ የድሮ የኅብረት ሥራ መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ የቀርከሃ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ግድግዳው ላይ መስተዋት የለም፣ ኮፍያና መከላከያ የለም። አገሬው የሚሠራውን ሁሉ ካራቴ ነው የሚለው፤ ክንፈም ቴኳንዶ ነው እያለ ማረም ከደከመው ቆይቷል።

ከባምባሲ የሚመጡ የወለጋ ልጆች ነበሩ፣ የሠፋሪ ልጆች ነበሩ፣ የአገሩ ተወላጆች በርታዎች ነበሩ። ሁሉም በየቤቱ የራሱን ቋንቋ ቢናገርም መጋዘኑ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአማርኛ፣ ስድቡ በአማርኛ፣ ምስጋናውም በአማርኛ። ክንፈ ይህ ትክክል መስሎት ኖረ። አገሬው የእሱን ቋንቋ ሲማር እሱ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ የአገሬውን ቋንቋ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልያዘም። ክፋት አልነበረበትም፤ ሳያስፈልገው ስለቀረ ብቻ ነው፤ ግን ሰውን የሚጎዳው ሁሉ ከክፋት አይመጣም።

የሥልጠናው መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለት ልጆች የደረቀ ቀርከሃ ግራና ቀኝ ይይዛሉ፣ ተራው የደረሰው ተንደርድሮ በእግሩ ይመታዋል፣ የቀሩት በአንድ ድምፅ «ስበር!» ይላሉ። ጡብና ጣውላ የሚሰብሩት የትልቅ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ አሶሳ ቀርከሃ አላት። ጩኸቱ እስከ መናኸሪያው ይሰማ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ስለለመደው «ስበር» ሲባል ሰዓቱ ዐሥራ ሁለት ሆነ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ባቢከር ከሆሞሻ የመጣው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ነው። በርታ ነው፤ አዲሶቹ ቢሮዎች ሲሠሩ ድንጋይ ያቀብል ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀርከሃ አንድ ላይ ተይዞለት በአንድ ምት ቆረጠው። ክንፈ የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም። እንዲህ ያለ እግር ዐይቶ አያውቅም ነበር። ችግሩ ያ እግር ከደረት በላይ አለመውጣቱ ነው። የባቢከር ዳሌ ደረቅ ነበር፤ ልጅነቱን በሙሉ ሸክም ሲሸከም የኖረ ሰው ሰውነቱ ለመሸከም እንጂ ለመተጣጠፍ አልተሠራም። በዚህ ሙያ ደግሞ ጉልበት ብቻውን ግማሽ ነው። እግሩ ወደ ራስ የማይደርስለት ሰው ተጋጣሚው ይህን በሁለት ዙር ያውቅበታል፣ ከዚያ በኋላ ፊቱን ሳይከላከል ደረቱን ብቻ ሸፍኖ ይጠብቀዋል። ክንፈ ይህን ለልጆቹ ሲያስረዳ፣ የተፍታታ ሰውነት የሚያስፈልገው ሌላውን ለመምታት ብቻ አይደለም፣ ስትወድቁም እንዳትሰበሩ ነው ይላቸው ነበር።

ባቢከርን ወደደው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ምሳ ከእሱ ጋር መብላት ለመደ። ባቢከርም ማስተር ብሎ ሲጠራው ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አማርኛው ይሰባበራል፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል። ክንፈ ግን ከማንም አንደበተ ርቱዕ ይልቅ የእሱን ወሬ መስማት ይወድ ነበር። ዓመት ሙሉ ዳሌውን ቀስ አድርጎ፣ በየቀኑ አንድ ጣት አንድ ጣት እያስረዘመ ሲያፍታታው ቆየ። ሌላ አንድ ዓመት ቢያገኝ ኖሮ ባቢከር እግሩን የትም ያደርሰው ነበር።

ዓመቱን አላገኘም። በሰማንያ ስምንት የክረምት መጨረሻ ላይ ክልሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገር አቀፍ ውድድር ሰው እንደሚልክ ተነገረ። ለቴኳንዶ አንድ ቦታ ብቻ ተሰጥቷል፣ ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ዳኞቹ ደግሞ ራስ የነካ ምት ከሁሉ ይበልጣል ባዮች ናቸው። ክንፈ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱ ዞረ። ተማሪው አዲስ አበባ ስቴድየም ሲገባ፣ ስሙ ሲጠራ፣ ማን አሠለጠነህ ሲባል ታየው። በመላ ሕይወቱ ሰው ፊት የሚያቆመው ነገር ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዐሥር አለቃ ገሠሠ ያስተማረው ሁሉ በዚያች ቀን ከራሱ ተነነ።

ለምርጫው ያጫቸውን ሦስቱን ለብቻቸው በማለዳ መጥራት ጀመረ፤ ባቢከርን፣ ፈየራ የሚባለውን የባምባሲ ልጅ፣ አንድ የሠፋሪ ልጅ። ከሦስቱ ብቸኛው በርታ ባቢከር ነበር። በየማለዳው እግሮቹን ዘርግቶ ያስቀምጠውና ከጀርባው ሆኖ ይጫነዋል። አንድ ጣት የነበረው ሦስት ጣት ሆነ። ባቢከር ማታ ማታ ደረጃ መውጣት እያቃተው ግድግዳ ይዞ ይሄድ ነበር፣ ግን አንድም ቀን አመመኝ አላለም። ማስተር ካለ ይሆናል ማለት ነው ብሎ ለፈየራ ነግሮታል።

ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ባቢከር ፊቱን ወደ ወለሉ ደፍቶ እግሮቹን ዘረጋ። ክንፈ ከኋላው ተንበርክኮ ጉልበቱን ወገቡ ላይ፣ ሁለት መዳፎቹን ጭኖቹ ላይ አደረገ። የባቢከርን ዳሌ ከወለሉ የሚለየው አንድ ስንዝር አይሞላም። ፈየራ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ሃያ ሲደርስ የባቢከር ጭን ከክንፈ መዳፍ ሥር ደርቆ ድንጋይ ሆነ፣ ቀጥሎም መዝለል ጀመረ። ባቢከር በተገጠመ ጥርሱ መሃል አንድ ቃል አወጣ፤ ደገመው።

«ስበር! ስበር!»

ክንፈ ልቡ በኩራት ሞላ። ጀግና ብሎ ባለ በሌለ ክብደቱ ተጫነው። ቋ አለ። ድምፁ ከጨርቅ ሥር እንደሚሰበር ጭራሮ ነበር፤ ከዚያ ባቢከር ጮኸ፣ ፈየራ ቁጥሩን አቆመ።

ሐኪሙ ጅማቱ ከዳሌው አጥንት ላይ ተነቅሏል፣ መሄድ ይሄዳል፣ እንደ ድሮው ግን አይሆንም አለ። ወጌሻም መጣ፤ የተሰበረ እንጂ የተነቀለ አልጠግንም ብሎ ቅባቱን ይዞ ተመለሰ። ክንፈ በየቀኑ እየሄደ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ባቢከር ግን በየቀኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። አይሳደብ፣ አያለቅስ፣ አይመልስ። ይህ ክንፈን ከፋው። ሰው ሲከፋው ደግሞ ራሱን የሚያጸድቅበት ነገር አያጣም፤ ላገኘው ሁሉ፣ ራሱ እኮ ነው ስበር ያለኝ፣ ፈየራም ሰምቷል ይል ጀመር። ፈየራም እውነት ነው፣ ሰምቻለሁ ብሎ መሰከረ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ባቢከር ጆሮ ደረሰ።

ባቢከር ለፈየራ የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማስተር ውሸት አይናገርም ነበር። አሁን ውሸት ተናገረ» አለው። በማግስቱ እናቱ ጣሂራ ከሆሞሻ መጥታ በጭነት መኪና ላይ አሳፍራ ወሰደችው። ክንፈ መናኸሪያ ድረስ ቢሮጥም አልደረሰባቸውም።

አዲስ አበባ ፈየራ ሄደ፤ በመጀመሪያው ቀን ተሸንፎ ተመለሰ። ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ክንፈ ማሠልጠኑን አልተወም፤ እጁን ግን ማንም ተማሪ ላይ አያሳርፍም። ቀርከሃ መስበሩንም አስቀረው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ቀርከሃው ተወደደ ይላል፤ በዙሪያው ጫካ ሙሉ ቀርከሃ እያለ ማን ያምነዋል። ስለ ባቢከር ሲነሳ አሁንም ያችኑ ይደግማል፤ ራሱ ነው ስበር ያለኝ። ሆኖም ባቢከር ለምን ውሸታም እንዳለው አስቦ አስቦ አልደረሰበትም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጣ። ዐዋጢፍ የምትባል በርታ ሴት የደረቀ ባምያ ትሸጣለች፤ ገዥው ከቧት ይኼም ለእኔ፣ ያም ለእኔ ይላል። ዐዋጢፍ መዳፏን ወደ ሰዎቹ ዘርግታ፣ ቀና ሳትል፣ «ሰብር፣ ሰብር» አለች። ክንፈ ባለበት ቀጥ አለ። ሰውን እየገፋ ቀርቦ ምን አልሽ ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ የሚጣላት መስሏት ደነገጠች፤ ከዚያ ፊቱን አይታ ሳቀች።

«ሰብር እኮ ታገሥ ነው» አለችው። «ቆይ፣ ቀስ በል። ዐረብ ይላል፣ እኛም እንላለን። አንተ አሶሳ እየኖረ ይህን አታውቅም?»

ክንፈ የባምያው ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አለ። ዐዋጢፍ ያመመው መስሏት ውሃ ሰጠችው። ልጁ ቆይ ሲለው፣ ታገሠኝ ሲለው፣ እሱ ስበረኝ የተባለ መስሎት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። ግን አልዋሽም፤ ከሐዘኑ ሥር አንድ ደስታ ብልጭ አለበት። ውሸታም አልነበረም። ባቢከርም ውሸታም አልነበረም። በሁለቱ መሃል የገባው አንድ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ሊፈታ ይችላል።

በማግስቱ ወደ ሆሞሻ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ሁለቱን ቃላት በአፉ ሲያመላልስ ሄደ።

ጣሂራ ከቀርከሃ አጥሯ በር ላይ ማሽላ ስታበጥር አገኛት። ታባርረኛለች ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሳች። «ኡስታዝ፣ አንቺ ደህና ነው? ለምን ጠፋ?» አለችው። ባቢከር ከጥላው ሥር ተቀምጦ የቀርከሃ ወንበር ይሠራል፤ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ መርጦ። ግራ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶታል። ሰላምታውን መለሰ፤ እጁን ግን ደረቱ ላይ አላደረገም።

ክንፈ ሳይቀመጥ ነገረው። የገበያውን፣ የዐዋጢፍን፣ አንተ ሰብር ስትል እኔ የሰማሁት ስበር ነው ብሎ። ባቢከር የያዘውን ቢላዋ መሬት ላይ አኖረ። ሁለቱን ቃላት ቀስ እያለ በየተራ ተናገራቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግማቸው ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ፣ በመጨረሻ እንባው በጉንጩ እየወረደ። ለእናቱ በቋንቋቸው ነገራት፤ ጣሂራ ጉልበቷን መታች፣ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

«እኔ እኮ ማስተር ሰማኝ ብዬ ነበር» አለ ባቢከር። «ሰምቶ፣ አውቆ ሰበረኝ አልኩ። ይኼን ሁሉ ወር ምን አደረግሁት እላለሁ። ምን በደልኩት እላለሁ።»

ልጁን የሰበረው ይህ ነበር። እግሩንማ ከለመደው ቆይቷል፤ ያልለመደው የሚወደው ሰው ልመናውን ሰምቶ ጨከነ ብሎ ማሰቡን ነው። አሁን ፊቱ በአንድ ጊዜ ወደ ድሮው ተመለሰ። ካንተ ጋር አሶሳ እመለሳለሁ አለ፤ መምታት ባልችል እቆጥራለሁ፣ በርታዎቹ ልጆች ምን እንደሚሉ እነግርሃለሁ፣ ከእንግዲህ የማንም ቃል አያመልጥህም ብሎ እያነከሰ ልብሱን ሊሰበስብ ወደ ቤት ገባ። ጣሂራ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ መጠጥ በብርጭቆ ቀድታ ለክንፈ ሰጠችውና፣ ልጄ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁም አለችው በተሰባበረ አማርኛ።

ክንፈ ብርጭቆውን ይዞ መዳፎቹን ተመለከተ። የመጣበትን ሁሉ አግኝቷል፤ ከዚያም በላይ። ዝም ካለ ባቢከር ከሰዓት በኋላ አብሮት ይሳፈራል፣ ነገም ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ማንም የሚያውቅበት የለም። እሱ ግን ያውቃል። ያ ጭን ከመዳፉ ሥር ድንጋይ ሆኖ መዝለል የጀመረው ከቃሉ በፊት ነው። ጡንቻ አማርኛም በርታም አይናገርም፤ በቃኝ ሲል ግን አሠልጣኝ ይሰማዋል። ክንፈ ሰምቶት ነበር። ማቆም እንዳለበት ገብቶት፣ ሦስት ቀን ቀረ ብሎ፣ ስቴድየሙ ታይቶት አላቆመም። ቃሉ ለመግፋት ሰበብ ሆነለት እንጂ የገፋው ቃሉ አይደለም። ልጁም ስበረኝ ብሎ ቢሆን እንኳ ተማሪ ስበረኝ ስላለ የሚሰብር ምን ዓይነት መምህር ነው?

ባቢከር ልብሱን በማዳበሪያ ቋጥሮ ወጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። እንሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጠን አለ።

«ባቢከር» አለ ክንፈ። «ቃሉን አላወቅሁም፣ ይህ እውነት ነው። ግን እጄ ያውቅ ነበር። ጭንህ ሲዘል ተሰምቶኛል፤ አንተ ሳትናገር። ማቆም እንዳለብኝ እያወቅሁ ነው የተጫንኩህ።»



«ያውቅ ነበር?» አለ ባቢከር።

«አውቅ ነበር።»

ባቢከር ማዳበሪያውን ቀስ አድርጎ ከበሩ ሥር አስቀመጠው። ጣሂራ አማርኛው ስላልገባት ምን አለ ብላ በቋንቋቸው ጠየቀችው፤ እሱ ባጭሩ መለሰላት። ከዚያ በኋላ ክንፈን ቀና ብላ አላየችውም፤ ሰፌዷን አንሥታ ማሽላውን ማበጠር ቀጠለች።

እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድምና ባቢከር ሸኘው። መኪናው እስከሚቆምበት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በባቢከር እግር ግን ረዘመ። ክንፈ እርምጃውን ሲያሳጥርለት ባቢከር በእጁ ቅደም አለው። ደረሱ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ክንፈ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ባቢከር የመኪናውን ጠርዝ በአንድ እጁ ያዘ። ተቆጥቶ ቢሆን ክንፈ በቻለው ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ግን ቁጣ አልነበረም።

«ማስተር» አለው፤ «ቃሉን ብቻ ነግሮኝ ቢሄድ ምን ነበረበት?»

መኪናው ተነሣ።